22 ዓመት መኪና ያዳመጠ ጆሮ

«ጋሼ ሰላም ነህ? ዓምድህን ሁሌ ነው የማነበው፣ ዛሬ ግን ስለራሴ ልጽፍልህ ነው። 41 ዓመቴ ነው፣ ቃሊቲ አካባቢ ትንሽ ጋራዥ አለኝ፣ ሶስት ልጆች አብረውኝ ይሰራሉ። ከ8ኛ ክፍል አቋርጬ እቃ በናፍጣ እያጠብኩ ረዳት ሆኜ ነው የጀመርኩት፣ ዘንድሮ 22 ዓመት ሞላኝ። ሞተር ሲነሳ በድምፁ ብቻ ምን እንደሆነ እነግርሃለሁ። አሁን ግን ኤሌክትሪክ መኪና መጣ፣ ድምፅ የለው ምን የለው፣ ጆሮዬ ምን ሊሰራልኝ ነው? ባለፈው ወር የድሮ ደንበኛዬ አዲስ የገዛውን ኤሌክትሪክ መኪና በክሬን አስጭኖ አመጣልኝ። ማታ ሳቆመው ቻርጁ ከግማሽ በላይ ነበር፣ ጠዋት ግን መብራት እንኳን አላበራም፣ በሩንም በቁልፍ ነው የከፈትኩት አለኝ። ኮፈኑን ከፍቼ አየሁና መልሼ ዘጋሁት፣ እኔ ይሄን አላውቀውም ብዬ መለስኩት። የዛኑ ቀን 21 ዓመቱ የሆነ ረዳቴ እኔ ኮርስ ልግባና ልማረው ሲለኝ ሰው ፊት ጮህኩበት፣ ከዛ ወዲህ ከስራ ውጪ አናወራም። ባለቤቴ ጋራዡን እንተወውና ሱቅ እንክፈት ትላለች። ጋሼ በዚህ እድሜ ከልጆች ጋር ተቀምጬ ልማር ወይስ የኔ ነገር እዚህ ጋ አበቃ?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ማታ አንብቤ ጠዋት ደግሜ አነበብኩት። ማታ የከነከነኝ ልጁ ላይ የጮህክበት ነገር ነበር፣ ጠዋት ላይ ግን ኮፈኑን ከፍተህ መልሰህ የዘጋህባት ደቂቃ ናት አልለቅ ያለችኝ፣ ምክንያቱም ያቺን ደቂቃ አውቃታለሁ፣ እኔም የቴሌቪዥን ክዳን ከፍቼ መልሼ ዘግቼ ሰው ሸኝቼ አውቃለሁ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። አላበቃልህም፣ ተማር። ግን «ተማር» ብሎ ነገር ቀላል ነው፣ ማንም ይልሃል፣ ከየት ጀምረህ እንዴት የሚለው ላይ ነው ትንሽ ልቆይ የምፈልገው።

እኔ እንደምታውቀው መካኒክ አይደለሁም። ደሴ ውስጥ ሬድዮ፣ ቴፕ፣ ቴሌቪዥን ስጠግን ነው ጉልምስናዬ ያለፈው፣ በ17 ዓመቴ ነው ረዳት ሆኜ የገባሁት። ያስተማረኝ ሰውዬ (ነፍሱን ይማር) ማታ ሱቁን ልንዘጋ ስንል ቁጭ ያደርገኝና ሶስት ነገር ይጠይቀኝ ነበር፣ ዛሬ የከፈትከው ላይ መጀመሪያ ምን መሰለህ? ከዛ ምን ሆኖ ተገኘ? ለምን ሌላ መሰለህ? በቃ ይቺው ናት። ቀኑን ሙሉ ስሰራ ውዬ ደክሞኝ እርቦኝ፣ በዛ ላይ የተሳሳትኩትን ደግሜ በአፌ እንድናገረው ሲያደርገኝ በጣም ነበር የሚያናድደኝ። በኋላ ደብተር ገዛልኝና ጻፈው አለኝ። እኔ ቅጣት መስሎኝ ነበር ግን ስራው የሚማረው እዛች ሰዓት ላይ እንደሆነ ገባኝ፣ ቀኑን ሙሉ ያለፈው እጄ ላይ ነው፣ ማታ ነው ወደ ጭንቅላቴ የሚገባው።

በኋላ አንድ የቆሎ ተማሪ የነበረ ወዳጄ ስለ ቅኔ ቤት ሲነግረኝ ይሄው ነገር መሆኑ ገርሞኛል፣ ተማሪው ቀን ብቻውን ቅኔውን ሲቆጥር (ሲያዘጋጅ) ይውልና ማታ መምህሩ ፊት ይነግራል፣ መምህሩ የጎደለውን ያቀናለታል፣ ነገ ደግሞ እንደገና። እዛ ቤት ውስጥ ጢሙ የሸበተ ሰው ከልጅ እኩል ቁጭ ብሎ ይማራል፣ ማንም ምን ሆነ አይለውም።

ደብተሬ ምን እንዳደረገልኝ አንድ ነገር ልንገርህ። የአንድ ሰውዬ ቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላዩ እየተቃጠለ ሶስት ጊዜ መጣብኝ፣ ሶስቴም እቃውን ቀየርኩ፣ ሶስተኛው ላይ ሰውዬው አሮጌ እቃ ነው የምትገጥምልኝ ብሎ ተጣላኝ፣ እኔም የገዛሁበትን ሱቅ ሄጄ ተጣላሁ። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ስራ ጠፍቶ ቁጭ ብዬ ደብተሩን ወደ ኋላ ሳገላብጥ በሶስት ወር ውስጥ እንደዛ ተቃጥለው የመጡ ስድስት ቴሌቪዥኖች አገኘሁ፣ ከስድስቱ አምስቱ ከአንድ ሰፈር ናቸው! እቃው ምንም አልነበረም፣ የዛ ሰፈር መብራት ነው ከፍ ዝቅ የሚለው። እያንዳንዱን ለየብቻ ስጠግን አይኔ ስር ነበር፣ አላየሁትም። ሰውዬውን ስታብላይዘር አስገዛሁት፣ ከዛ በኋላ ሻይ ሊጋብዘኝ ካልሆነ በቀር ሱቄ አልመጣም።

ይሄን የምነግርህ 22 ዓመት ብለህ የጻፍካትን ቁጥር እንድታያት ነው። 22 ዓመት መስራትና 22 ዓመት መማር አንድ አይደለም፣ አንዳንዱ ሰው አንዱን ዓመት 22 ጊዜ ይደግመዋል። አንተ ግን እንደዛ እንዳልሆንክ ደብዳቤህ ይናገራል፣ በድምፅ የሚለይ ሰው የሰማውን ከከፈተው ጋር እያገናኘ ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ነው፣ ሳትጽፈው በጭንቅላትህ ስትመዘግብ ነው የኖርከው። ታዲያ ያንን ስታደርግ የተማርከው ስለ ቴስታታና ስለ ጓርኒሲዮን፣ ስለ ሞተር እቃ ብቻ ይመስልሃል? ብልሽትን መፈለግ ነው የተማርከው፣ ከቀላሉ ጀምሮ አንድ በአንድ እያጠሩ መሄድን፣ ደንበኛው የሚለውን ሰምቶ ያላለውን መገመትን። ይሄ ደግሞ ነዳጅም ባትሪም አይልም።

እስቲ ወደ መለስከው መኪና እንምጣ። እኔ ከራሴ አመንጭቼ እንዳላሳስትህ ብዬ ኤሌክትሪክ መኪና የሚሰሩ ሁለት ልጆች ጋራዥ ድረስ ሄጄ ግማሽ ቀን ቁጭ ብዬ ስጠይቅ ዋልኩ፣ ደብዳቤህንም አነበብኩላቸው (ስምህን አልነገርኩም)። «ቻርጅ አለው፣ ጠዋት ግን መብራት እንኳን የለም፣ በሩ በቁልፍ ተከፈተ» የሚለው ጋ ስደርስ ሁለቱም ባንዴ መጀመሪያ ትንሿን ባትሪ ነው የምናየው አሉኝ። ኤሌክትሪክ መኪና ከትልቁ ባትሪ ሌላ እንደማንኛውም መኪና 12 ቮልት ባትሪ አለው፣ በሩን፣ መብራቱን፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው እሱ ነው፣ ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውን ማብሪያም የሚያዘው እሱ ነው። ስለዚ ትልቁ ጢም ብሎ ሞልቶ ትንሿ ከሞተች መኪናው ድንጋይ ነው። ዲናሞ ስለሌለው እሷን የሚሞላት ከትልቁ ባትሪ ቮልት ቀንሶ የሚሰጥ ዲሲ ዲሲ ኮንቨርተር የሚባል እቃ ነው፣ ልጆቹ ይሄን ሲያስረዱኝ በቃ ዲናሞው እሱ ነው ብለህ ያዘው አሉኝ።

የመለስከው መኪና ችግር እሱ ነው ብዬ አልምልልህም፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። ግን ወንድሜ የሞተ 12 ቮልት ባትሪ ስንት ሺህ ጊዜ ነው በእጅህ ያለፈው? ቆሞ ባደረ ባትሪ ላይ ሜትሩ 12.6 ቮልት አካባቢ ካነበበ ሙሉ ነው፣ ከ12 ከወረደ አልቋል፣ ይሄን ተኝተህም ታውቀዋለህ። ያን ቀን ኮፈኑን ከፍተህ ያየኸው ብርቱካናማ ሽቦና የማታውቀው ሳጥን ነው፣ ያስደነገጠህ ነገር የምታውቃትን ባትሪ ሸፈነብህ። በነዳጅ መኪና ቢሆን መጀመሪያ የምታደርገውን ነገር አላደረግክም፣ ሳትለካ ነው የዘጋኸው። ልወቅስህ አይደለም፣ ፍርሃት መጀመሪያ የሚወስደው ነገር ያቺን የለመድናትን የስራ ቅደም ተከተል ስለሆነ ነው።

ስለ ጆሮህ ደግሞ፣ ልጆቹ የነገሩኝ ነገር እኔንም አስደስቶኛል። ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው ድሮ በሞተር ድምፅ ተሸፍኖ የነበረው ሁሉ መሰማት ይጀምራል፣ የጎማ ኩሽኔታ ሲያልቅ፣ ቴስቲና ሲላላ፣ ቦኮላ ሲበላ፣ ደንበኛው ገና ሁሉንም ይሰማና መኪናዬ ተበላሸ ብሎ እየሮጠ ይመጣል፣ የትኛው ድምፅ ምን እንደሆነ የሚለይለት ሰው ግን ጥቂት ነው። ከነሱ አንደኛው ኮምፒውተር ላይ እሳት የላሰ ልጅ ነው፣ ከፊት የሚመጣ ድምፅ ሲመጣበት ግን ሁለት ሶስት እቃ ቀይሮ ነው የሚያገኘው፣ ራሱ ነው ይሄን የነገረኝ። በዛ ላይ በባትሪው ምክንያት መኪናው ከባድ ነው፣ የኛን ጉድጓድ ጨምርበት፣ ጎማና የስር እቃ ይበላል። ፍሬኑም ሌላ ጣጣ አለው፣ እግርህን ከመርገጫው ስታነሳ ሞተሩ ራሱ ጀነሬተር ሆኖ እየያዘ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ስለሚመልስ ሸራው ብዙ አይሰራም፣ ቶሎ አያልቅም ማለት ነው፣ ግን ብዙ ስለማይሰራ ዲስኩ ይዝጋል፣ ሸራውን የሚጫነው ካሊፐር ይጣበቃል። እዚህ ከተማ የሞላው የቮልስዋገን አይዲ 4 እንደውም ከኋላው ታምቡር ፍሬን ነው፣ ታምቡር ፍሬን ላንተ እናስተምርህ ይባላል እንዴ?

ካንዴላ፣ የሞተር ዘይት፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ይሄ ይሄ የለም፣ ይቀርብሃል። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፣ እጅህ ላይ ያደገ እውቀት ሲቀር የሆነ የሰውነትህ ክፍል እንደሄደ ነው የሚሰማህ። እኔ ያ ትልቁ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ቀርቶ ጠፍጣፋው ሲመጣ አንድ ዓመት ሙሉ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አዲሱ እቃ አይረባም፣ ስስ ነው፣ አይቆይም እያልኩ ነው የዞርኩት። አሁን ሳስበው ስለ ቴሌቪዥኑ አልነበረም የማወራው፣ ፈርቼ ነበር። አንተም ልጁ ላይ የጮህከው ልጁ አጥፍቶ አይደለም፣ የፈራኸውን ነገር በስሙ ስለጠራው ነው።

ጊዜ ግን አለህ፣ አትደናገጥ። በ2016 ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተወሰነ፣ ያንን ታውቀዋለህ፣ የገባው ግን ከመንገድ አልወጣም፣ ቪትዙም ኮሮላውም አይሱዙውም አለ፣ አዲስ ካልገባ ደግሞ ያለው እያረጀ ነው የሚሄደው፣ ያረጀ መኪና ማን ጋ ነው የሚሄደው? አንተ ጋ። ስለዚ የዛሬ እንጀራህን እየበላህ የነገውን መማር ትችላለህ፣ ይሄ ለሁሉም ሰው የሚገኝ እድል አይደለም። ብዙ ሰው ሁሉም ነገር አልቆ ሱቁ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው ልማር የሚለው፣ እኔ ራሴ እንደዛ ነበር የሆንኩት፣ በጣም ነው የከበደኝ።

አሁን የምነግርህን ግን በደንብ ስማኝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ፣ እዚህ ጋ ተረት ብቻ አይደለም የህይወት ጉዳይ ነው። ብርቱካናማ ሽቦ የከፍተኛ ቮልት ምልክት ነው፣ እሱ ያለበትን ነገር ሳትሰለጥን አትንካ። ትልቁ ባትሪ በብዙዎቹ መኪናዎች 400 ቮልት አካባቢ ነው፣ ከዛ በላይ የሆነም አለ፣ ይገድላል። እኛ የድሮው ቴሌቪዥን ላይ ስንሰራ አሰሪዬ መጀመሪያ ያስተማረኝ ነገር ከሶኬት ስለተነቀለ ሞቷል ብለህ እንዳታስብ የሚለውን ነው፣ ያ የመስታወት ቱቦ መብራት ከተነቀለም በኋላ ቮልት ይዞ ይቆያል፣ ብዙ ሺህ ቮልት፣ መሬት በተያያዘ ሽቦ ሳታራግፈው እጅህን ከሰደድክ አንስቶ ይወረውርሃል። ኤሌክትሪክ መኪናውም እንደዛው ነው፣ ካጠፋኸውና የትልቁን ባትሪ ማቋረጫ ካወጣህ በኋላም ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ የሚቀይረው ሳጥን) ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ፣ አምራቹ መጠበቅ ያለብህን ደቂቃ በማኑዋሉ ላይ ይጽፋል፣ ትጠብቃለህ፣ ከዛም በሜትር ለክተህ ዜሮ መሆኑን ታረጋግጣለህ። ለ1000 ቮልት የሚሆን የጎማ ጓንት አለው፣ በየቀኑ ከመልበስህ በፊት አየር ሞልተህ ቀዳዳ እንደሌለው ታየዋለህ። ብቻህን አትሰራም፣ አንድ ሰው አጠገብህ ይቆማል። የእጅ ሰአት፣ ቀለበት፣ ሀብል አውልቅ። በዩቲዩብ አይቼ ከፈትኩት የሚል ልጅ ካለ ጋራዥህ ውስጥ እንዳታስነካው፣ እዛ ጋ ብትጮህበት ደግሞ እደግፍሃለሁ።

ስለዚ በኔ አስተያየት ትምህርትህን ከትልቁ ባትሪ አትጀምረው። ከትንሿ ጀምር። መካኒክ ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሪኩ ላይ ሲደርስ ባለሙያ ይጥራና ራሱ ዞር ይላል፣ አንተም እንደዛ ሳታደርግ አትቀርም፣ ያቺ ናት ክፍተትህ። ጥሩ መልቲሜትር ግዛ፣ ስካነር ምናምን ብለህ ብድር ውስጥ እንዳትገባ፣ እሱ ይደርሳል። ጋራዥህ ውስጥ ያለው ቪትዝ ላይ ለካ፣ ጠፍቶ ስንት፣ ተነስቶ ስንት (ዲናሞው ደህና ከሆነ 14 አካባቢ ማንበብ አለበት)፣ መብራት ስታበራ ስንት ወረደ፣ ከባትሪው ጫፍ እስከ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ድረስ ስንት ጠፋ፣ የት ጠፋ፣ ለምን። ቮልት፣ አምፔር፣ ኦም፣ የነዚህ ሶስቱ ግንኙነት ከገባህ ግማሹን መንገድ ሄደሃል፣ ፎርሙላዋ አንድ መስመር ናት። ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ካለህ የፊዚክስ መጽሐፉ ላይ አለች፣ አስረዳኝ በለው፣ አባቱን ያስተማረ ልጅ እንዴት እንደሚያጠና አይተህ ትነግረኛለህ።

ከዛ በኋላ ወደ ኮርሱ። ስትመዘገብ ግን አይንህን ገልጠህ። እውነተኛ መኪና ላይ ነው የምታሰለጥኑት ወይስ ሰሌዳ ላይ? ጓንቱ አለ? ሰልጣኙ በእጁ ይነካል? ስንት ሰው አንድ መኪና ላይ? ብለህ ጠይቅ። ሶስት ቀን አስቀምጦ ወረቀት የሚሰጥ ካለ ብሩን ይዘህ ተመለስ። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ወስደህ ካላወቅህ ደግሞ ባለህ ልምድ ተመዘን፣ የግድ ኮሌጅ የገባ ብቻ አይደለም የሚመዘነው። 8ኛ ክፍል ነኝ ብለህ የጻፍካት ነገር ውስጥህን እየበላችህ እንደሆነ ይሰማኛል፣ ያ የምስክር ወረቀት የምታውቀውን አይጨምርልህም፣ ግን አንገትህን ቀና ያደርገዋል፣ ያ ደግሞ ለመማር ያስፈልጋል።

ቋንቋውን አትፍራው። እዚህ ካሉት ኤሌክትሪክ መኪናዎች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሰሩ ናቸው፣ የቮልስዋገን አይዲ 6 ለምሳሌ ለቻይና ገበያ ብቻ ተብሎ የተሰራ መኪና ነው፣ ሜኑው በቻይንኛ ነው፣ ዲግሪ ያለውም አንተም እኩል ናችሁ። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ በካሜራው እያስተረጎመ ነው የሚሰራው።

አሁን ወደ ልጁ። ልጁ ልማር ያለህ ያንተን ጋራዥ ጥሎ ለመሄድ ቢሆን ኖሮ ሳይነግርህ ይሄድ ነበር። ነገረህ። እኔ ሱቄ ባዶ በሆነ ሰአት የዲሽ ሪሲቨር ሶፍትዌር የሚጭን የ19 ዓመት ልጅ ነበር ከኔ ሁለት ሱቅ አለፍ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እሱ ጋ ነው የሚሰለፈው። ስንት ሳምንት በሩ ላይ አልፌ ሄጃለሁ፣ ልገባ ብዬ እግሬ እምቢ እያለኝ። አንድ ቀን ገባሁና አስተምረኝ አልኩት። ዱካ ሰጠኝ፣ እሱ ወንበር ላይ እኔ ዱካ ላይ። የመጀመሪያው ሳምንት ፊቴ ሲቃጠል ነበር የሚውለው፣ በተለይ የሚያውቀኝ ሰው ሲገባ። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ሪሲቨር አልነሳ አለና ልጁ ቦርዱን በሙሉ ሊቀይር ሲል እኔ ቀና ብዬ ሳይ አንዷ ካፓሲተር ሆዷ አብጧል፣ ይቺን ቀይራት አልኩት፣ ቀየራት፣ ተነሳ። ልጁ ዝም ብሎ አየኝና «ይሄን ደግሞ አንተ አስተምረኛ» አለኝ። ከዛ ቀን በኋላ ዱካው ላይ ተራ በተራ ነው የተቀመጥነው። ስድስት ዓመት አብረን ሰራን።

ስለዚ ልጁን ላከው፣ የኮርሱን ግማሽ ብር አንተ ቻለው፣ በአንድ ውል። የተማረውን በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰአት ጋራዡን ዘግታችሁ ለአንተና ለሁለቱ ልጆች ያስተምራል። አንተ ደግሞ በዛው ቀን ድምፅ ታስተምረዋለህ፣ አይኑን አስጨፍነህ መኪና ውስጥ አስቀምጠህ ይሄ ምንድነው እያልክ። አደራህን ዝም ብለህ ሰርቶ ያሳየኛል አትበል፣ ጠይቀው፣ ያልገባህን ደግመህ ጠይቀው፣ ሁለቱ ልጆች እያዩህ ጠይቀው። አለቃው አላውቅም ሲል ያየ ረዳት እሱም ሳያውቅ አውቃለሁ ማለቱን ይተዋል፣ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ሞተር የሚበላው ደግሞ እሱ ነው፣ ሳያውቁ አውቃለሁ ማለት።

በፊት ግን ይቅርታ ጠይቀው። ሰው ፊት ስለሆነ የጮህክበት ሰው ፊት ጠይቀው፣ ቢያንስ ሁለቱ ልጆች ባሉበት። ከኔ ጋር አንዳንድ ሰው አይስማማም፣ ታላቅ ታናሹን ይቅርታ ሲጠይቅ ይናቃል የሚል አለ፣ እኔ ግን እስካሁን በዚህ የተናቀ ሰው አላየሁም።

የባለቤትህን ነገር ችላ እንዳትለው። ሱቅ እንክፈት ያለችው ሱቅ ወዳ አይመስለኝም፣ ፊትህን አይታ ነው፣ ማታ ማታ ተክዘህ ስትገባ። ከክርክር ይልቅ ቁጥር አሳያት። ለአንድ ወር በደብተር ያዝ፣ የገባውን መኪና ሁሉ፣ የሰራኸውን ስራ፣ የተከፈለህን ብር፣ ከጎኑ ደግሞ ይሄ ስራ ኤሌክትሪክ መኪና ላይም አለ ወይስ የለም ብለህ ምልክት አድርግ። ወሩ ሲያልቅ ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ ደምሩት። ምን ያህሉ የስር እቃ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ኤሲ፣ 12 ቮልት እንደሆነ፣ ምን ያህሉ ሞተርና ካምቢዮ እንደሆነ ታዩታላችሁ፣ ብሩ ከየትኛው እንደሚመጣም ጭምር። ምናልባት ከሞተሩ ነው የሚበልጠው፣ ያኔ ስጋቷ ልክ ነው ማለት ነው፣ በምን ፍጥነት መማር እንዳለብህ ታውቃለህ። ምናልባት ግማሽ በግማሽ ይሆናል። እኔ አላውቅም አንተም አታውቅም፣ 22 ዓመት ሰርተህ አንድም ቀን ደምረኸው አታውቅማ!

ደብተሩ ላይ ሌላም ነገር ጻፍበት፣ ያቺን የአሰሪዬን ሶስት ጥያቄ። ረጅም አይደለም፣ ለአንድ መኪና ሶስት መስመር፣ ምን መሰለኝ፣ ምን ሆኖ ተገኘ፣ ለምን ሌላ መሰለኝ። ያልተሳሳትክበትን አትጻፈው፣ ጊዜህን ይበላል፣ የተሳሳትክበትን ብቻ። አዲሱ መኪና ላይ ብዙ ትሳሳታለህ፣ ያ ደግሞ በደብተር ላይ ካለ አይጎዳህም፣ ከወር ወር ስታገላብጠው ስህተቱ ቦታ እየቀየረ ሲሄድ ታየዋለህ። የመጀመሪያው ወር ላይ የጻፍከውን ዓይነት ስህተት ሶስተኛው ወር ላይ ካላገኘኸው እየተማርክ ነው። እዛው ያለ ከሆነ ደግሞ የሆነ ያልገባህ ነገር አለ ማለት ነውና ወደሚያውቅ ሰው ይዘኸው ሂድ።

የመጀመሪያውን ገጽ ደግሞ እኔ ልጀምርልህ፣ ቀን ጻፍበት፣ «ቻርጅ ያለው ኤሌክትሪክ መኪና፣ ጠዋት መብራት የለም፣ በሩ በቁልፍ ተከፈተ። ምን መሰለኝ፦ የማላውቀው ነገር።» ሁለተኛዋን መስመር አንተ ነህ የምትሞላት። የደንበኛው ስልክ አለህ አይደል፣ ደውልለት፣ መኪናው ተሰራልህ ወይ፣ ምን ሆኖ ተገኘ ብለህ ጠይቀው፣ ያን ቀን ሳልለካ ስለመለስኩህ ይቅርታ በለው። እስካሁን ቆሞ ከሆነ ሜትርህን ያዝና ከልጁ ጋር አብራችሁ ሂዱ። የተገኘውን ጻፍልኝ፣ ለነዛ ሁለት ልጆችም ቃል ገብቻለሁ፣ እነሱም መስማት ይፈልጋሉ።